ሳንማር የምናውቀው ፊዚክስ

የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ላቅርብ። መልሱን እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ያዙልኝ። አንድ ሰው የአንድ ብር ሳንቲም ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረ። ሳንቲሙ ከእጁ ወጥቷል፤ ጫፍ ላይ ግን ገና አልደረሰም፣ እየወጣ ነው። አየሩ የሚያደርገውን እንተወውና፣ በዚያች ቅጽበት ሳንቲሙ ላይ ያረፈው ኃይል ስንት ነው? የትኛውስ ወደየት ይጎትተዋል?

አብዛኛው ሰው «ሁለት ነው» ይላል። አንዱ ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት፣ ሌላው ወርዋሪው የሰጠው፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል። ይኸኛው እየደከመ ሲሄድ ስበቱ ያሸንፋል፤ ሳንቲሙም ይመለሳል። ማብራሪያው ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ልክ አይደለም። እጅ ከለቀቀው በኋላ ሳንቲሙን ወደ ላይ የሚገፋው አንዳች ነገር የለም። ያለው የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ እሱም ሽቅብ ሲወጣ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስና ቁልቁል ሲመጣ ያው አንድ ነው። ሳንቲሙ የሚወጣው ከእጅ ሲለቀቅ የያዘው ፍጥነት ገና ተሟጦ ስላላለቀ ነው።

የተሳሳተ ሰው ካለ አይዘን፤ ብዙ ጓደኛ አለው። ጆን ክሌመንት የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ጥያቄ ለምሕንድስና ተማሪዎች አቅርበው ያገኙትን በ1982 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኮርስ ገና ያልወሰዱት አብዛኞቹ ተሳሳቱ። ኮርሱን ወስደው የጨረሱትም አብዛኞቹ ተሳሳቱ። እኔን ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ የፊዚክስ ኮርስ ወስዶ መጨረስና ፊዚክስ መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪው የክፍሉ ደጃፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ድንጋይ ሲወረውር፣ ጋሪ ሲገፋ፣ ከታክሲ ሲወርድ ያካበተው የራሱ ፊዚክስ አለው። ያንን አውጥቶ ካልተሟገተው፣ ኮርሱን በጥሩ ግሬድ አልፎ የድሮ እምነቱን እንደያዘ ይወጣል።

ኮርሱ ምን ይዟል?

እንደምታውቁት በአገራችን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ፍሬሽማን የምንለው፣ ለዓመታት ቀርቶ ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ፊዚክስ ነው። ሐኪም ልሁን የሚለውም፣ መሐንዲስ ልሁን የምትለውም፣ ግብርና ያሰበውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮርሱ ከልኬትና ከቬክተር ይነሣል፤ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ኃይል፣ ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሞገድና ብርሃን፣ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት አንሥቶ በአንድ ሴሚስተር ይጠናቀቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። እነዚህን ምዕራፎች የሰው ልጅ በስንት ጊዜ አወቃቸው ብለን እንጠይቅ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ያስፈልገዋል ያለው አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ አርስቶትልን ተከራክሮ፣ የለም፣ ወርዋሪው ለተወርዋሪው ኃይል ያጋባበታል፣ እሱ እስኪያልቅ ይሄዳል አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ላይ ዣን ቡሪዳን ይህንኑ ሐሳብ አዳበረው። ጋሊሊዮ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ የታተመው በ1638 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኒውተን ደግሞ በ1687። ቅድም በልባችሁ «ሁለት ኃይል አለ» ያላችሁ እንግዲህ የፊሎፖኖስን መልስ ነው የሰጣችሁት። በዘመኑ ታላቅ የተባለ ሊቅ የደረሰበትን በራሳችሁ መንገድ ደርሳችሁበታል።

ከአርስቶትል እስከ ኒውተን 2,000 ዓመት ገደማ ነው። ለዚህ መንገድ የትምህርት መርሐ ግብሩ የሚሰጠው ጥቂት ሳምንታት ነው። ተማሪው የኒውተንን ሕግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጽፈዋል፤ ማታ ይሸመድደዋል፤ በሚድ ፈተና ይመልሰዋል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀመር የሆዱን እምነት ግን አልነካውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰላም ይኖራሉ።

በአሪዞናና በሃርቫርድ የታየው

ይህን በመላምት አልተናገርኩም። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስተንስ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ እንቅስቃሴ ይዘውት የሚመጡት እምነት በተለመደው ሌክቸር እምብዛም እንደማይለወጥ አሳዩ። መምህሩ ጎበዝም ይሁን መካከለኛ፣ ለውጡ ያው ትንሽ ነበር። በ1992 ሄስተንስና ባልደረቦቹ ይህንን የሚለካ ፈተና አወጡ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ቅጂ 30 የምርጫ ጥያቄ አለው። ስሌት የለበትም፤ ቀመር አይጠይቅም። እንደ ሳንቲሙ ያለ ተራ ነገር አቅርቦ ምን ይሆናል ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር የ1985ቱን ጥናት ከማንበባቸው በፊት ስለ አስተማሪነታቸው የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ተማሪዎቻቸው ከባድ ከባድ የፈተና ጥያቄ ይሠራሉ፤ መምህራቸውንም ያመሰግናሉ። ጥናቱን ሲያነቡ፣ የእኔ ተማሪዎች እንዲህ አይሆኑም ብለው በጥናቱ የተሠራበትን ፈተና ሰጡ። እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ የምንመልሰው እርስዎ ባስተማሩን መንገድ ነው ወይስ እኛ ነገሩን በምናስብበት መንገድ? ውጤቱም ማዙር እንደጠበቁት አልሆነም።

ቀጥለው በኤሌክትሪክ ላይ ሞከሩት። ሁለት ዓይነት ጥያቄ አቀረቡ። አንደኛው ረጅም ስሌት የሚጠይቅ፣ ባትሪና ሬዚስተር የተደራረበበት ነው። ሁለተኛው አንድ ዓይነት የሆኑ አምፖሎችን በሽቦ አገናኝቶ ማብሪያው ሲጫን የትኛው ይደምቃል፣ የትኛው ይፈዛል የሚል ነው። ተማሪዎቹ የተሻለ ያመጡት በረጅሙ ስሌት ነው። አምፖሉ ግራ አጋባቸው። ቀመሩን የሚያዞሩበት መላ ነበራቸው፤ ሽቦው ውስጥ የሚሆነው ግን አልታያቸውም።

ማዙር ከዚያ በኋላ አካሄዳቸውን ለወጡ። ጥቂት ደቂቃ ያስረዳሉ፤ አንድ የምርጫ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው መልሱን ይይዛል፤ ከዚያ የተለየ መልስ ከያዘ ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ መጨረሻ ላይ እንደገና ይመልሳል። ሌሎችም በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ይሞክሩ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሄክ ከ62 ኮርሶች የተገኘ፣ ከ6,500 በላይ ተማሪዎችን የያዘ ውጤት ሰብስበው አነጻጸሩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ያላወቁትን 100 ብንለው፣ ሌክቸር ብቻ በሚሰጥባቸው ኮርሶች በመጨረሻ ያወቁት በአማካይ 23 ያህሉን ነው። ተማሪው እንዲገምትና እንዲከራከር በሚደረግባቸው ኮርሶች 48 ደረሰ። 48ም ቢሆን ግማሽ አይሞላም፤ የድሮ እምነት ምን ያህል ሥር እንዳለው ከዚህ ይታያል።

«ፈተናው የሚጠይቀኝ ስሌት ነው፤ ክርክሩ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ፍትሐዊ ነው። ካትሪን ክራውችና ማዙር የአሥር ዓመት ልምዳቸውን በ2001 እ.ኤ.አ. ሲያቀርቡ፣ የክፍሉ ጊዜ ለክርክር ቢሰጥም የተማሪዎቹ የስሌት ውጤት እንዳልወደቀ፣ እንዲያውም እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ጥያቄው ምን እንደሚል የገባው ሰው የትኛውን ቀመር እንደሚያነሣ ለማወቅ አይቸገርም።

ሲኖትራኩና ባጃጁ

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። ጭነት የያዘ ሲኖትራክና ባጃጅ ፊት ለፊት ተጋጩ። ሲኖው ባጃጁን የመታበት ኃይል ይበልጣል ወይስ ባጃጁ ሲኖውን የመታበት? ሰው ሁሉ ሲኖው ይላል። ባጃጁ ሲጨፈለቅ እያየ ሌላ ምን ይበል?

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ሁለቱ እኩል ናቸው ይላል። ተማሪው ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሲኖና ባጃጅ ሲመጣ ግን ይረሳዋል፣ ወይም «ያ ለፈተና ነው» ብሎ ይተወዋል። እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ሲኖው ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ፣ ባጃጁ ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ ነው እንበል። ሲኖው የባጃጁ 50 እጥፍ ነው። ኃይሉ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ፣ ቀላሉ ላይ የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ 50 እጥፍ ነው። በግጭቱ የሲኖው ፍጥነት በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀንስ፣ የባጃጁ ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይለወጣል። ያውም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ። ሰውን የሚጎዳው ይህ ድንገተኛ ለውጥ ነው። የሲኖው ሹፌር ግን ነቅነቅ ከማለት አያልፍም።

እንግዲህ ባጃጁ የባሰ ይጎዳል ያለው ተማሪ ልክ ነበር። የተሳሳተው ጉዳቱን ከኃይል መብለጥ ጋር ስላያያዘው ነው። ሳንቲሙም ላይ እንዲሁ ነው፤ ወርዋሪው የሰጠው፣ እየወጣ ሲሄድ እያለቀ የሚመጣ ነገር በእርግጥ አለ። ፊዚክስ ሞመንተም ይለዋል፤ መጠነ ቁስና ፍጥነት የሚባዙበት ልክ ነው። ኃይል ግን አይደለም። ኮርሱ ስለዚህ የቀድሞውን ግንዛቤ ነቅላችሁ ጣሉ አይልም። ያስተዋላችሁት እውነት የቱ ጋ እንደሚገባ መርምሩ ነው የሚለው። ይህ እንዲሆን ግን ተማሪው መጀመሪያ የሚያምነውን መናገር አለበት። ሳይናገር የጻፈው ትክክለኛ መልስ ምንም አያርምለትም።

ላብራቶሪውና 9.8

ይህ ጉዳይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ከሚሠሩት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ በፔንዱለም የመሬት ስበትን መለካት ነው። ክር ይታሰራል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ይንጠለጠላል፤ ጥቂት ሳብ ተደርጎ ይለቀቃል። የአንድ ሜትር ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 20 ጊዜ ሲመላለስ 40.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ጊዜና ከፔንዱለሙ ርዝመት የስበቱ መጠን ይሰላል።

መጽሐፉ 9.8 ይላል። ስለዚህ ስንቱ ተማሪ ያገኘውን 9.63 በላጲስ አጥፍቶ ሪፖርቱ ላይ 9.8 ይጽፋል! ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ልክ የሆነ መልስ ከመጽሐፍ እንደሚመጣ ለ12 ዓመት ስለተማረ ነው። 9.63ን ግን እንመርምራት። የኳሷ ወርድ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ተማሪው ክሩን ብቻ፣ እስከ ኳሷ አናት ድረስ ለክቶ 1 ሜትር ብሎ ቢመዘግብ፣ ትክክለኛው ርዝመት እስከ ኳሷ መካከል ስለሆነ 1.5 ሳንቲ ሜትር ጎድሎበታል። ያቺ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻዋን ውጤቱን ከ9.77 ወደ 9.63 ትጥለዋለች። ቁጥሯን ያጠፋ ተማሪ የፔንዱለም ርዝመት እስከየት እንደሚለካ የሚማርባትን ብቸኛ አጋጣሚ አጠፋ።

9.77 ከየት መጣች ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው ስበት ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነው። ሁለቱም ስበትን በጥቂቱ ይቀንሳሉ። ታዲያ ተማሪው በዚህ ሙከራ 9.77ን ከ9.8 ሊለይ ይችላል? በስልኩ ሰዓት ሲይዝ እጁ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም፣ ከ40 ሰከንዱ ግማሽ ፐርሰንት ነው። በስሌቱ ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ 1 ፐርሰንት፣ ማለትም 0.1 ይደርሳል። ስለዚህ ታማኙ መልስ «9.77 አካባቢ፣ 0.1 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» ነው። ያገኘውን ከነጥርጣሬው ልክ የጻፈ ተማሪ ሳይንስ ሠርቷል። 9.8 ብሎ የገለበጠው ግን የጻፈው ያልለካውን ነው።

የሙቀቱ ምዕራፍ ላይም ተመሳሳይ ዕድል አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ የሸመደደ የአዲስ አበባ ልጅ ቴርሞሜትር ቢያገባ 92 ዲግሪ ገደማ ያነባል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ። ሰመራ ላይ ያለው ጓደኛው ግን ወደ 100 የተጠጋ ያገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

እንዴት ይወሰድ?

ለተማሪዎች ጥቂት ነገር ልበል። በመጀመሪያ፣ ጥያቄውን ከማስላታችሁ በፊት ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምትገምቱ በአንድ መስመር ጻፉ። ግምታችሁና ስሌታችሁ ካልተስማሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ገጹን አትግለጡ።

ሁለተኛ፣ ሥዕል ሥሩ። አንድ ነገር ላይ ያረፈውን ኃይል ሁሉ በቀስት አሳዩ፤ ለእያንዳንዱ ቀስት «ይህን ኃይል የሚያሳርፈው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤት የሌለው ቀስት ይሰረዝ። የሳንቲሙ ወደ ላይ የሚገፋ ቀስት የሚወድቀው በዚህ ጥያቄ ነው፤ እጁ ርቋልና።

ሦስተኛ፣ ከሲኒየር የተወረሰ ዎርክሺትና የአምና ፈተና መቸከል ብቻውን አያዛልቅም። ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጀማሪዎችና ሊቃውንት የፊዚክስ ጥያቄዎችን በየዓይነታቸው እንዲመድቡ ጠየቁ። ጀማሪዎቹ በመልካቸው መደቧቸው፤ እዚህ ተዳፋት አለ፣ እዚያ ሞላ አለ ብለው። ሊቃውንቱ የመደቡት በሚገዛቸው ሕግ ነው። አንድ ዎርክሺት ከጨረሳችሁ በኋላ እናንተም ጥያቄዎቹን በሕጋቸው መድቡ። 40 ጥያቄ ወደ አራት ወይም አምስት ሐሳብ ሲሰበሰብ ታያላችሁ።

አራተኛ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው የገባችሁ ነገር ገና የእናንተ አይደለም። ሌላ ሰው ሲጋግር ያየ ሁሉ ምጣዱ ፊት ሲቆም እንጀራው ዓይን አያወጣለትም። ደብተሩን ዘግታችሁ ከባዶ ሥሩት። ከዚያ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ዶርም ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚመቻችሁ ቋንቋ ተከራከሩ።

ለመምህራን የምለው አጭር ነው። አዳራሹ በመቶ በሚቆጠር ተማሪ እንደሚሞላ፣ ሞጁሉም እንደሚረዝም አውቃለሁ። ነገር ግን ጥያቄ አቅርቦ እጅ ማስወጣት በጀት አይጠይቅም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች ለአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ርዕስ ተማሩ። ልምድ ያላቸው መምህር ሌክቸር የሰጡት ክፍል በአማካይ 41 ከመቶ ሲያመጣ፣ ልምድ ያልነበራቸው መምህራን በጥያቄና በውይይት ያስተማሩት ክፍል 74 አመጣ።

ተማሪዎች ግን ይህን መንገድ መጀመሪያ ላይ አይወዱትም። በሃርቫርድ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በውይይት የተማሩት የበለጠ አውቀው ሳለ ያወቁት ያነሰ መሰላቸው። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ሲከራከሩ ደግሞ አለማወቅ ራሱን ያሳያል። ስለዚህ ኮርሱ እየከበደው ያለ ተማሪ ሁሉ አልቻለም ማለት አይደለም። ምናልባት የድሮው እምነቱ መነቃነቅ ጀምሮ ይሆናል።

ወላጆች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ስትደውል «ሚድ ስንት አመጣሽ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩላት፦ «እስከዛሬ ልክ ይመስልሽ የነበረ፣ በዚህ ሳምንት ስሕተት ሆኖ ያገኘሽው ምንድን ነው?» ዝም ካለች ቅር አይበላችሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ጠይቁ። የምትመልሰው ያገኘች ቀን ቁጭ ብላችሁ አድምጧት። እናንተንም ልታከራክራችሁ ትችላለች፤ ተከራከሯት።